«ምን ይዘሃል?» የምትለው ጥያቄ ታሪክ

 

ሰሞኑን ውጭ አገር ከምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ መልእክት ደረሰኝ። እናቷ ከኩልመስክ ያዘጋጁላትን ቋንጣና በጣሳ የታሸገ ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወስደው ጣሉባት፤ ቅጣትም ጨመሩባት። «ጋሼ፣ በሽተኛ አስመሰሉን እኮ! የኛ ምግብ ቆሻሻ ነው ወይ?» ትላለች። ያኔ አጭር መልስ ሰጠኋት፤ ብዙም አልጣማት መሰለኝ። ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ ሥራው አጭሩን ማስረዘም ስለሆነ ረጅሙን እነሆ።

ነገሩን ከ1880 ዓ.ም. ልጀምር።

ጣሊያን ምጽዋን የያዘው በ1877 ዓ.ም. ነው። በጥር 1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል ወታደር ደመሰሱበት። ሮም ቁጭቷን ለመወጣት ብዙ ሺህ ጦር በጄኔራል ሳን ማርዛኖ አዝማችነት ወደ ምጽዋ ላከች፤ ጊዜው የ1880 መባቻ ላይ ነው። ጦር ደግሞ ይበላል። ዕቃውን የሚሸከምለትና የሚጎትትለትም ይፈልጋል። ስለዚህ ከብት በመርከብ ተጭኖ መጣ። ከህንድ እንደመጣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከከብቱ ጋር አብሮ የወረደውን ግን ማንም አልመዘገበው።

የወረደው በሽታ በአማርኛ ስሙ «ደስታ» ነው። አዎ፣ ደስታ። ክፉን ነገር በስሙ ጠርተው እንዳያነሳሱት አባቶቻችን የዘየዱት ይመስለኛል። በትግርኛ ጉልሓይ ይሉታል። የያዘው ከብት ያተኩሰዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይዝረበረባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ከዚያ ተቅማጥ ይጀምረውና በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ያልቃል። በሽታውን ለማያውቅ መንጋ ሲገባ ከመቶው ዘጠና ያህሉን ይጠርጋል። የኛ ከብት አያውቀውም ነበር።

እንዴት እንደተዛመተ ለመረዳት ዘመኑን አስቡት። በመጋቢት 1880 አፄ ዮሐንስ ጣሊያንን ሊገጥሙ ሰዓጢ ድረስ ዘመቱ። የዚያን ጊዜ ዘመቻ ማለት የሚንቀሳቀስ ከተማ ነው፤ ሴቱ፣ አገልጋዩ፣ የጭነት እንስሳው፣ የሚታረደው ሰንጋ ሁሉ አብሮ ይጓዛል። ጦርነቱ ሳይካሄድ ሠራዊቱ ተመለሰ። ሲመለስ ምን ይዞ እንደተመለሰ መገመት አያዳግትም። በሽታው ከሐማሴን ትግራይ፣ ከትግራይ ወደ ጎንደርና ወደ ወሎ፣ ከወሎ ሸዋ ወረደ። እዚያም አልቆመም። በምሥራቅ አፍሪካ የማሳይን መንጋ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ፤ በዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ደረሰ። ምጽዋ ላይ የወረደ በሽታ በአሥር ዓመት ኬፕ!

አሁን ወደኛ አገር ልመለስ። ላስታን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ላስታ ያለ በሬ ምንድን ነው? ገብሱም፣ ባቄላውም፣ ምስሩም የሚወጣው ከሁለት በሬ ጫንቃ ነው። በሬው ሲያልቅ ዝናብ ቢዘንብም መሬቱ ጦም ያድራል። ደግሞ ዝናቡም ቀረ። አንበጣና ተምች ጨመረበት። ከዚያ ፈንጣጣና ኮሌራ ተከተሉ። ሕዝቡ ዘመኑን «ክፉ ቀን» ያለው በከንቱ አይደለም፤ ከ1880 እስከ 1884 ድረስ ማለት ነው። የፈረስና የአህያ ሥጋ ተበላ። ጅቡና አንበሳው ከጫካ ወጥቶ የደከመውን ሰው ከየመንገዱ ያነሣ ነበር። ምኒልክ ሰው እንዲያይና እንዲከተል ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚል ግምት ይጠቀሳል። ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን ስለ ቁጥሩ አልምልም፤ የከፋ እንደነበር ግን ማንም አይከራከርም።

አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ትነግረን ነበር። እናትየው ያኔ ልጅ ነበረች። አባቷ በሬዎቹ በሞቱ በሳምንቱ ቀንበሩን ከግድግዳ አውርዶ ፈልጦ አነደደው ትላለች። ቀንበር የሚነደው የሚጠምዱት ነገር ተመልሶ እንደማይመጣ ሲታወቅ ነው። ይህን አያቴ ስትናገር ድምጿ አይለወጥም፤ እኛ ነን የምንደነግጠው።

ፖለቲካውንም አትርሱት። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ እዚሁ ወሎ ውስጥ የውጫሌ ውል ተፈረመ። በዚያው ክረምት ጣሊያን አስመራ ሲገባ ይህ ነው የሚባል ውጊያ አልገጠመውም። ማን ይግጠመው? ደጋው በረሃብ ተፈትቷል። በትምህርት ቤት ያስተማርኳችሁ ዶጋሊንና ዓድዋን ነበር። በሁለቱ መሀል ያለውን ጊዜ ግን ከጄኔራሎቹ ይልቅ የወሰነው አንድ ዓይን የማያየው ተሕዋስ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ሆን ብለው ነው ያስገቡት የሚል ወሬ አለ። እኔ አልቀበለውም። በሽታው ጣሊያን ሊገዛው የሚፈልገውን አገር ከብትም ነው የፈጀው። ቸልተኝነት ነው። ቸልተኝነቱ ግን ካለማወቅ የመጣ አልነበረም፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

አውሮፓ ይህን በሽታ አሳምሮ ያውቀዋል። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ከብታቸውን ሲጨርሰው የሮማው ጳጳስ ሐኪም ላንቺሲ የታመመው ይገደል፣ ይቀበር፣ መንጋ ከቦታ ቦታ አይነዳ የሚል መመሪያ አውጥቶ ነበር። ላንቺሲ ጣሊያናዊ ነው! የዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን ላይ በ1760ዎቹ የተከፈተው በዋናነት በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። እንግሊዝም በ1865 ተመትታ የከብት ዝውውር የሚገድብ ሕግ አውጥታለች። እንግዲህ ከመርከብ የሚወርድ ከብት ምን ሊያመጣ እንደሚችል፣ ምን መደረግ እንዳለበትም የተጻፈ ነበር። ምጽዋ ላይ ግን የቀይ ባሕር ዳር ነው፣ የአፍሪካ መንጋ ነው፣ ማን ይጠይቃል?

«እኛስ ኬላ አልነበረንም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረን እንጂ! የአሞሌ ነጋዴ ከአፋር በረሃ ጨውን ይዞ ወደ ደጋው ሲወጣ በየበሩ ኬላ ነበረ። ነጋድራሱ፣ ቀረጥ ተቀባዩ፣ ዘበኛው ሁሉም በቦታው ነበሩ። ጥያቄያቸው ግን «ስንት ጭነት ነው?» የሚል ነው። የኬላ ሥራው ማስከፈል ነበር። ከብቱ ያስላል ወይ፣ ከየት መንደር መጣ፣ እህሉ ውስጥ ምን አለ ብሎ መጠየቅ የኬላ ሥራ ሆኖ አያውቅም። ምጽዋን ቱርክም ያዘው፣ ግብፅም ያዘው፣ ጣሊያንም ያዘው፤ በሩ የሚጠበቀው ለገንዘቡ ነበር። የዛሬው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያለው መኮንን «ምን ይዘሻል?» ሲል የሚጠይቀው እንግዲህ ያኔ ያልተጠየቀውን ነው።

ያቺ ጥያቄ ዓለም አቀፍ የሆነችበት መንገድ ራሱ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1920 ከህንድ ተነሥተው ወደ ብራዚል የሚሄዱ ከብቶች በመሀል ቤልጂየም አንትወርፕ ወደብ ላይ አረፉ። ደስታ በሽታ ይዘው ነበር። ቤልጂየም ታመሰች፤ አውሮፓ ደነገጠ። በአራት ዓመት ውስጥ 28 አገሮች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው አገሮች የእንስሳት በሽታቸውን እንዲያሳውቁ የሚያደርግ ዓለም አቀፍ ቢሮ አቋቋሙ። ዛሬም አለ፤ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚባለው ነው። ልብ በሉ፤ ከህንድ የመጣ ከብት፣ ያው በሽታ፣ ወደብ ላይ። ከአንትወርፕ ስብሰባ ወጣ። ከምጽዋ፣ ያ ሁሉ ሰው ካለቀበት፣ ምንም አልወጣም።

ሁለተኛው ታሪክ የኔው ዘመን ነው። እሱም በጆንያ የመጣ ነው።

በ1977 ልጅ ነበርኩ። የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ የነበረውን ያየ ያውቀዋል፤ ላላየ መናገር ይከብዳል። ስንዴው ሕይወታችን ነበር። ጆንያው እንኳ ሥራ አልፈታም፤ መኝታም፣ መጋረጃም፣ ልብስም ሆኗል። እናቴ ስንዴውን በሰፌድ ስታበጥር ከገለባው ጋር የማናውቃቸው ጥቃቅን ፍሬዎች ይወጡ ነበር። እብቁን ወደ ጓሮ ትደፋዋለች። የትኛዋ እናት ትጠረጥራለች?

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አንድ አረም ታየ። አበባው ነጭ፣ ደቃቅ፣ የተከካ እህል የሚመስል ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል በኛ በወሎ «ቅንጬ አረም» የተባለው። ሐረርጌዎች «ፋራምሲሳ» ይሉታል፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደማለት ነው። የሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ነው። አገሩ ሜክሲኮና አካባቢዋ ነው። ህንድ ውስጥ በ1950ዎቹ ከውጭ ከመጣ ስንዴ ጋር እንደገባ ይታመናል። እኛም ዘንድ ቀድሞ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ድሬዳዋና ሐረርጌ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ የወልዲያና የደሴ አካባቢ ነው፤ የእርዳታ እህል ይከፋፈልባቸው ከነበሩት ማዕከሎች አጠገብ። አጥኚዎች ከእርዳታው እህል ጋር መጣ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አንዷ የቅንጬ አረም እግር 15 ሺህና ከዚያም በላይ ፍሬ ትጥላለች። ፍሬው በንፋስ፣ በጎርፍ፣ በመኪና ጎማ፣ በከብት ሰኮና ይሄዳል። ከቆቦ ማሽላ ውስጥ የሚነቅለው ገበሬ እጁ ይቆስላል፣ ቆዳው ያሳክከዋል። ላሟ ከበላችው ወተቷ ይመራል። አረሙ ከኛ ደጋ ይልቅ ቆላውንና ወይና ደጋውን ስለሚወድ ኩልመስክ ላይ ሆናችሁ ታሪክ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ወደ ቆቦ ወርዳችሁ የመንገዱን ዳር እዩት።

ይህኛው ታሪክ ከመጀመሪያው ይከብደኛል። በ1880 የሚወቀስ አለ። በ1977 ማንን ልውቀስ? ሕግ ነበረ፤ የእፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፣ ከረሃቡ በፊት። ግን ሕዝብ እየረገፈ ስንዴውን ወደብ ላይ አቁሞ የአረም ፍሬ ይፈለግ የሚል ማን ነው? እኔ ራሴ በዚያ ስንዴ ነው የዳንኩት። ይሁን እንጂ ስንዴው ከመጫኑ በፊት፣ እዚያው ያልተራበው አገር ወደብ ላይ፣ ማበጠር ይቻል ነበር። የተራበው በር ላይ የማይጠየቀው ጥያቄ የጠገበው በር ላይ መጠየቅ አለበት። የእፅዋት ኳራንቲን ደንባችን እ.ኤ.አ. በ1992 ተሻሽሎ ሲወጣ አረሙ ከገባ ቆይቷል።

አሁን ወደ ቋንጣው። ልጄ፣ ምግባችን ቆሻሻ ስለሆነ አይደለም። አገራችን ውስጥ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ስላለ ነው። የከብቱ አፍና ሰኮና ይቆስላል፤ ሰውን አይጎዳም፤ ተሕዋሱ ግን በሥጋና በወተት ተዋጽኦ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። እንግሊዝ በ2001 (በፈረንጆቹ) ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳ ያረደችው በዚሁ በሽታ ነው። መነሻው ምን ነበር መሰላችሁ? በድብቅ የገባ ሥጋ ያለበት ትራፊ ሳይፈላ ለአሳማ በመሰጠቱ ነው ተብሎ ይታመናል። አንድ እርሻ ላይ ተጀምሮ! የገባው ምናልባት የአንድ ሰው ሻንጣ የሚያህል ሥጋ ይሆናል። እንግዲህ ያቺ ሁለት ኪሎ ቋንጣ በነሱ ዓይን ምን እንደምትመስል አስቢው።

ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቅጹ ላይ «ምግብ፣ የእፅዋት ወይም የእንስሳት ውጤት ይዘሃል?» ሲል «አዎ» ማለት «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት ይመስላችኋል። አይደለም። «አዎ» ብሎ ያሳየ ሰው፣ የተከለከለም ቢሆን ዕቃው ይወሰድበታል እንጂ በአብዛኛው አይቀጣም። የሚቀጣው የደበቀው ነው። አሜሪካ ላይ ለራሱ ፍጆታ የያዘውን ሳይናገር የተገኘ መንገደኛ ለመጀመሪያ ጊዜው እስከ 1,000 ዶላር ሊከፍል ይችላል። በርበሬና ሽሮ፣ ደርቆ ተፈጭቶ በደንብ ከታሸገ፣ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሥጋው ግን እቤት ይቅር። እርጥብ ቅጠልና ሥር ያለው ተክል ካለም ተናገሩ። ጤና አዳም እንኳ የብርቱካንና የሎሚ ዘመድ ነች፤ ለሰብል ጠባቂ ሰው ዘመድነት ትልቅ ነገር ነው። እናቶቻችን «ደብቂው፣ ካልሲ ውስጥ ክተቺው» ሲሉ ከፍቅር ነው። ፍቅሩን ተቀበሉ፣ ካልሲውን ተዉት።

በነገራችን ላይ በሩ በሁለት በኩል ይከፈታል። የሚወጣውም መታየት አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲነሣ መድኃኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ በሽታውን የሚቋቋም ባሕርይ የያዘው የኛው ደገኛ ገብስ ነበር። ለዚያ ገበሬ ማን አመሰገነው? በጤፍ ላይ ደግሞ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ፣ ስንት ዓመት ካነታረከ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ነው የሔግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው። የዘር ሀብታችንን ያለ ፈቃድ ይዞ መውጣት የሚከለክል አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 482/1998 ነው። ስለዚህ «ለጓደኛዬ ትንሽ የገብስ ዘር ልውሰድለት» የምትሉ፣ ቦሌ ላይም ጥያቄ እንዳለ እወቁ።

የደስታ በሽታን መጨረሻ ሳልነግራችሁ ባልፍ ግማሽ ታሪክ ነው የሚሆነው። መጨረሻውም በኛ በኩል ደስ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ ኬንያ ውስጥ ዋልተር ፕሎራይት የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ ክትባት ሠራ። ችግሩ ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ፍሪጅ ይዞ ወደ አፋር በረሃ የሚወርድ ማን ነው? በሽታው ከየቦታው ሲባረር አፋር ውስጥ መሸገ። ከዚያ ያለ ፍሪጅ ሳምንታት የሚቆይ ክትባት ተገኘ። የዋናው ሥራ ባለቤቶች ግን ነጭ ጋውን የለበሱት አልነበሩም፤ ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መሀል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ክትባቱን ተሸክመው ከመንጋው ኋላ ዞሩ። የትኛው መንጋ የት እንደሚውል፣ የማን ላም እንደምታስል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የመጨረሻው ደስታ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በኅዳር 1988 ነው። በ2000 ዓ.ም. አገራችን ነፃ መሆኗ በዓለም ደረጃ ታወቀ። ሰኔ 21 ቀን 2003 ደግሞ በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ሮም ላይ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ብቻ ነው። ሮም! ያንን መርከብ የላከችው ከተማ። አጋጣሚ ነው፤ የምግብና እርሻ ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ስለሆነ ነው። እኔ ግን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የቀረው ናሙናና የክትባት ክምችት በዓለም ላይ በተፈቀደላቸው ጥቂት ቦታዎች ብቻ ተቆልፎ ይቀመጣል። ከነዚያ አንዱ የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ማዕከል ነው፤ ያለውም ቢሾፍቱ ነው። አገሩን ሙሉ ያስለቀሰው በሽታ ዛሬ እኛው ዘንድ ታስሯል።

ወንድሙ ግን አልታሰረም። የበግና ፍየል ደስታ የሚባለው በሽታ ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ ዛሬም በግና ፍየል ይገድላል። ዓለም እስከ 2030 (በፈረንጆቹ) አጠፋዋለሁ ብሎ አቅዷል። ለላስታ ሰው በግ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። ገብስ ሲከዳ የልጅ ደብተር፣ የመድኃኒት፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚወጣው ከበግ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ከቆላ ያመጣቸው ስድስት ፍየሎች አፍንጫቸው ሲዝረበረብ አየሁ። ከየት እንዳመጣቸው ጠየቅኩት። «ምን አገባህ፣ ልትገዛ ነው?» አለኝ። ከጎኑ የነበሩት አንድ አዛውንት ግን በጋቸውን ይዘው ዝም ብለው ወደ ሌላኛው ጥግ ሄዱ። የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠራሁት፤ መጥቶ አያቸው።

እስቲ ከናንተ ልስማ። አያቶቻችሁ ስለ ክፉ ቀን፣ ስለ ደስታ በሽታ የነገሯችሁ ካለ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ቡግና፣ ጊዳንና ዋግ ያላችሁ። የቦታ ስም ከነምክንያቱ የምታውቁ ካላችሁ አትለፉኝ፤ በሬ ያለቀበት፣ ከብት የተቀበረበት እየተባለ የሚጠራ ቦታ ይኖራል። እየሰበሰብኩ ነው።